ዓርማ ያለበትን የ18ኛው ክፍለ ዘመን የቻይና ሳህን እንዴት እንመርምር? ከእግሩ እስከ ባለቤቱ ስም፣ ደረጃ በደረጃ

መሃሉ ላይ የአውሮፓ መኳንንት ዓርማ የተሳለበት የፖርሴሊን ሳህን በለንደን የአሮጌ ዕቃ ገበያም፣ በዋሽንግተን የቤት ዕቃ ሽያጭም፣ በኢንተርኔት ጨረታም ይገኛል። የሚገዙት ሰዎች ደጋግመው የሚሳሳቱት በአንድ ምክንያት ነው፦ ምርመራውን ከዓርማው ይጀምራሉ። አንበሳውን፣ ዘውዱንና የላቲን ጽሑፉን አይተው በስልካቸው ይፈልጋሉ፤ አንድ የቤተሰብ ስም ያገኛሉ፤ ከዚያ ወዲያ የሚያዩት ያንን ስም የሚደግፈውን ብቻ ነው።

ዓርማ ለመቅዳት ከሁሉ የቀለለው ክፍል ነው። የሚከብደው ጭቃው፣ ልባሱ (ጭቃውን የሸፈነው እንደ ብርጭቆ የሚያብረቀርቅ ሽፋን) እና ለዘመናት ሲበላበት የኖረው ጭረት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ዕቃውን፣ ቀጥሎ ቀለሙን፣ ቀጥሎ ዓርማውን፣ በመጨረሻ ሰውየውን መርምሩ። ይህን ቅደም ተከተል አትገልብጡ።

መመሪያው የሚያገለግለው ከ1700 እስከ 1800 ገደማ በቻይና፣ በጂንግዴዠን ከተማ ምድጃዎች ተሠርቶ በካንተን (በዛሬዋ ጓንግዡ) ወደብ በኩል በትዕዛዝ ለአውሮፓ ቤተሰቦች ለተላከው ዕቃ ነው። ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

## ከመጀመራችሁ በፊት

እነዚህን አዘጋጁ፦

- 10 እጥፍ የሚያጎላ የእጅ ሌንስ፣ ወርቅ ሠሪዎች የሚይዙት ዓይነት
- ትንሽ የእጅ ባትሪ
- የአልትራቫዮሌት ባትሪ (365 ናኖሜትር የሚል ቢሆን ይመረጣል)
- ማስመሪያ
- ወፍራም ፎጣ ወይም የታጠፈ ብርድ ልብስ
- ለስላሳ ብሩሽ
- እርሳስና ወረቀት፤ እስክሪብቶ ሳህኑ አጠገብ አታድርሱ

ቀለበት፣ ሰዓትና አምባር አውልቁ። እጃችሁን ታጥባችሁ አድርቁ። የጥጥ ጓንት አታድርጉ፤ በብርጭቆማ ልባስ ላይ ያንሸራትታል። ሳህን በሁለት እጅ ከሥሩ ይያዛል እንጂ በጠርዙ አንጠልጥሎ አይነሣም። የሾርባ ሳህን ወይም የሻይ ማንቆርቆሪያ ከሆነ ጆሮውን ይዛችሁ አታንሡ። ክዳን ካለው ክዳኑን አስቀድማችሁ ለብቻው አኑሩት።

ማስጠንቀቂያ፦ በእነዚህ ሳህኖች ላይ ያለው ኢናሜል ቀለም እርሳስ የተባለው ብረት አለበት። ምግብ አታቅርቡባቸው፤ በተለይ ሎሚ፣ ኮምጣጤ ወይም ቲማቲም ያለበትን። የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ውስጥም፣ ማይክሮዌቭ ውስጥም አይገቡም።

## ደረጃ 1፦ ሳህኑን ከማንጠልጠያው አውጡ

ብዙዎቹ የሚሸጡት ከግድግዳ ሽቦ ማንጠልጠያቸው ጋር ነው። ሽቦው በስፕሪንግ ስለሚወጠር ጠርዙን ይፍቃል፤ የነበረ ስንጥቅ ካለም ያሰፋዋል። መንጠቆውን በጉልበት አትሳቡ። ሳህኑን ፎጣው ላይ በፊቱ ድፉት፣ ስፕሪንጉን በጨርቅ ሸፍኑት፣ ከዚያ ሽቦውን ከጀርባ በኩል በፒንሳ ቁረጡት። ሽቦው ሲቆረጥ ስለሚወነጨፍ ፊታችሁን አርቁ።

ከጀርባው የቆየ ወረቀት ወይም የጨረታ ቁጥር ከተለጠፈበት አትላጡት። ፎቶ አንሡት። በአንድ ወቅት በማን እጅ እንደነበረ የሚናገር ብቸኛው ማስረጃ እሱ ሊሆን ይችላል።

## ደረጃ 2፦ ውሃ ሳይነካው ጥገና ፈልጉ

ማጠብ ከዚህ ደረጃ በኋላ ነው። አሮጌ ሙጫ በለብታ ውሃ ይለቃል፤ ሁለት ቦታ ተሰብሮ የተጣበቀ ሳህን ሳፋ ውስጥ ሊለያይባችሁ ይችላል።

1. ክፍሉን አጨልሙ፣ አልትራቫዮሌቱን አብሩ። ባትሪውን ወደ ዓይን አታዙሩ። በኋላ የተሞላ ሙጫና የተቀባ ቀለም ብዙውን ጊዜ ከአካባቢው ተለይቶ ወተት መሰለ ወይም ቢጫማ ሆኖ ያበራል።
2. ሁሉም ሙጫ አያበራምና በዚህ ብቻ አትርኩ። የጠርዙን ዙሪያ በጣት ጫፍ ዳስሱ። እውነተኛው ልባስ ቀዝቃዛና ጠንካራ ነው፤ የተቀባው ቦታ ሞቅ ያለና ለስለስ ያለ ሆኖ ይሰማል።
3. ሳህኑን በሦስት ጣቶቻችሁ ጫፍ ላይ አሳርፋችሁ ጠርዙን በጥፍር በቀስታ መታ አድርጉ። ረጅም ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው። የታፈነ ድምፅ ከሰጠ የፀጉር ስንጥቅ አለ ማለት ነው። ስንጥቁ ወዲያው ካልታያችሁ ባትሪውን ከጀርባ አብሩና ከፊት ተመልከቱ።
4. ጀርባውን እዩ። የተሰበሩ ሳህኖችን በብረት ሽቦ መስፋት በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተለመደ ጥገና ነበር። የተሰፋ ሳህን አታርጥቡት፤ ብረቱ ይዝጋል፤ ዝገቱም ወደ ስንጥቁ ይገባል።

ጥርት ያለው ድምፅ ዕድሜን አይናገርም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፓሪስ ውስጥ የተሠራ ቅጂም ልክ እንዲሁ ይጮኻል።

ጥገና ካልተገኘ እጠቡት፦ የፕላስቲክ ሳፋ፣ ለብ ያለ ውሃ፣ ጥቂት የዕቃ ሳሙና፣ ለስላሳ ብሩሽ። የወርቅ ቅቡን አትሹ፤ ውሃው ይለፍበት። በረኪና ጨርሶ አትንኩ። ጥገና ከተገኘ እርጥብ ጥጥ ብቻ ተጠቀሙ።

## ደረጃ 3፦ እግሩን አንብቡ

ሳህኑን ስትገለብጡት ከሥሩ ዙሪያውን የሚሄደው ቀለበት እግሩ ነው። ልባስ የሌለበት ብቸኛው ቦታ በመሆኑ ጭቃውን ራቁቱን የምታዩት እዚህ ነው። ጊዜያችሁን እዚህ አሳልፉ፤ እኔ ከምርመራው ግማሹ እዚህ ያልቃል ባይ ነኝ።

የምትፈልጉት ይህን ነው፦

- የጭቃው ቀለም። የ18ኛው ክፍለ ዘመን የቻይና ዕቃ እግር ብዙውን ጊዜ ወደ ግራጫ የሚያደላ ነጭ ነው። ልባሱ በሚያልቅበት መስመር ላይ ቀጭን ብርቱካናማ ወይም ቡናማ ጥላ ይኖራል፤ በጭቃው ውስጥ ያለው ብረት እሳት ላይ ሳለ አየር ሲያገኝ የሚያወጣው ቀለም ነው። ጥላው በብሩሽ የተቀባ መስሎ እኩል ከተዘረጋ ተጠራጠሩ።
- የእጅ ሥራው። በሌንስ ስታዩት ቢላው ያለፈበት ትንንሽ ወጣ ገባ አለው። አንዳንድ ቦታ የምድጃ አሸዋ ተጣብቆ ይቀራል። ዙሪያው ሁሉ እኩልና ልስልስ ያለ እግር የፋብሪካ ምልክት ነው።
- ቆሻሻው። የዘመን እድፍ ወደ ጭቃው ቀዳዳዎች ገብቶ በእኩልነት አይቀመጥም። በሻይ ወይም በቡና የተነከረ እግር ግን ዙሪያውን አንድ ዓይነት ነው፤ በእርጥብ ጥጥ ስትነኩትም ይለቃል።
- ማኅተሙ። ለአውሮፓ በትዕዛዝ የተሠራ ባለ ዓርማ ሳህን ከሥሩ ብዙውን ጊዜ ምንም ጽሑፍ የለውም። በቀይ ቀለም የቻይና ማኅተም የሚመስል፣ ግን ለቻይንኛ አንባቢ ምንም የማይል ነገር ካገኛችሁ በአብዛኛው የሳምሶን ሥራ ነው።

ሳምሶን በ1845 በኤድሜ ሳምሶን ፓሪስ ውስጥ የተቋቋመ ድርጅት ነው። ከድሮ የገበታ ዕቃ ስብስባቸው ለጎደለባቸው ሰዎች ምትክ እያለ በግልጽ ቅጂ ይሠራ ነበር፤ በዕቃው ላይም የራሱን ምልክት ያደርግ ነበር። አደጋው የመጣው በኋላ ምልክቱን ከፋቁ ሻጮች ነው። ስለዚህ የሳህኑን ሥር በባትሪ ከጎን አብሩት፤ በመሃሉ ወይም ወደ ጠርዙ ልባሱ ተፍቆ የደበዘዘ ትንሽ ቦታ ካለ እዚያ የሆነ ምልክት ነበር።

ካልሆነላችሁ፦ ሻጩ ሳህኑን ከፍሬም እንድታወጡት ካልፈቀደ ወይም በኢንተርኔት የእግሩን ፎቶ ካላሳየ ወደ ደረጃ 4 አትለፉ። ፎቶውን ጠይቁ። እምቢ ካለ ግዢውን ተዉት።

## ደረጃ 4፦ ልባሱን እዩ

መስኮት አጠገብ ቁሙና ብርሃኑ ሳህኑ ላይ እንዲንሸራተት አዘንብሉት። የዘመኑ የቻይና ልባስ ወደ ሰማያዊ ወይም ወደ ግራጫ ያደላል። ላዩ በተለይ ከክፍለ ዘመኑ አጋማሽ ወዲህ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ትንሽ ሞገድ አለው። የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ ቀዳዳዎችና ጥቁር የብረት ነጥቦች መኖራቸው ደግ ምልክት እንጂ ጉድለት አይደለም። በጠርዙ ላይ ልባሱ በጥቃቅኑ መላጡም እንዲሁ የዕድሜ ባሕርይ ነው፤ ለዚህ ብላችሁ ዋጋ አትቆርጡም።

የፓሪሱ ቅጂ ልባስ ለስላሳና እኩል ነው። ሁለቱንም ዓይነት ጎን ለጎን አንድ ጊዜ ያየ ሰው ልዩነቱን አይረሳውም። ለንደን ያላችሁ ብሪቲሽ ሙዚየምና ቪክቶሪያ ኤንድ አልበርት ሙዚየም፣ አሜሪካ ያላችሁ ሴለም ከተማ ያለው ፒቦዲ ኤሴክስ ሙዚየም ሄዳችሁ ትክክለኛውን እዩ። ፎቶ ይህን አያስተምርም።

ጭቃውን በሞረድ ፍቆ መሞከር የሚል ምክር ብትሰሙ አትቀበሉት። ዕቃውን ያበላሻል፤ ሁለቱም ጠንካራ ፖርሴሊን ስለሆኑም መልስ አይሰጥም።

## ደረጃ 5፦ ዓርማው በኋላ የተጨመረ መሆኑን ፈትሹ

ሳህኑ እውነተኛ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ቻይና ሆኖ ዓርማው የትናንት ሊሆን ይችላል። በጣም ብልህ የሆነው ማታለል ይህ ነው፤ ደረጃ 3ንና 4ን ያለችግር ያልፋልና።

አሠራሩን ማወቅ ይረዳችኋል። ሰማያዊው ኮባልት ከልባሱ በታች ይቀባል፤ ከጭቃውና ከልባሱ ጋር አብሮ በ1,300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይጠበሳል፤ ከዚያ ወዲያ ሊጨመር አይችልም። ቀይ፣ ሮዝ፣ አረንጓዴና ወርቅ ግን ከልባሱ በላይ ተቀብተው እንደገና በዝቅተኛ እሳት ይጠበሳሉ። ይህን ማንም ሰው በማንኛውም ዘመን ሊያደርገው ይችላል። በዚያው በ18ኛው ክፍለ ዘመንም ሰማያዊ ጠርዙ በጂንግዴዠን ተሠርቶ፣ ዓርማው ካንተን ላይ የተጨመረበት ትክክለኛ ዕቃ ሞልቷል። ስለዚህ ሁለት ጊዜ መጠበሱ ብቻውን አያስከስስም። የሚያስከስሱት እነዚህ ናቸው፦

1. ጭረቱ ከቀለሙ በታች ከሆነ። የተበላበት ሳህን መሃሉ ላይ የቢላ መስመር አለው፤ ተደራርቦ ስለሚቀመጥም የላይኛው ሳህን እግር ክብ ጭረት ይተዋል። በሌንስ መስመሩን ተከተሉት። ጭረቱ የዓርማውን ቀለም ከቆረጠው ዓርማው ቀድሞ ነበር። ጭረቱ ዓርማው ጋ ደርሶ ከሥሩ ከገባና በወዲያኛው ወገን ከወጣ ዓርማው በኋላ መጣ።
2. ጠርዙ አልቆ ዓርማው አዲስ ከሆነ። ወርቁ በጠርዙ ላይ ተፍቆ ሳለ መሃሉ ላይ ካበራ ሁለቱ ሁለት ዕድሜ ሊኖራቸው እንደሚችል ይጠቁማል።
3. ልባሱ ላይ ያልተጠበቀ ጥቁር ነጥብ ወይም አረፋ ከበዛ። አሮጌ ሳህን ዳግም እሳት ሲገባ በጭረቱ ውስጥ የኖረው እድፍ ይቃጠላል።
4. የሌላ ሥዕል ጥላ ካለ። ከጎን ሲበራ ልባሱ ላይ የደበዘዘ የአበባ ቅርጽ ከታየ የድሮው ሥዕል ተፍቆ ዓርማ ተስሎበታል።

ጭረት የሌለበት ሳህን ብታገኙ አትደናገጡ። ቁምሳጥን ውስጥ የኖረ ዕቃ አለ። በዚህ ጊዜ ፍርዳችሁን በእግሩና በልባሱ ላይ አሳርፉ፤ ሁለተኛውን ነጥብም አጥብቃችሁ ተመልከቱ።

## ደረጃ 6፦ ዘመኑን ከቀለሙና ከጋሻው ቅርጽ ገምቱ

አሁንም ስም አትፈልጉ። መጀመሪያ በወረቀታችሁ ላይ የ20 ወይም የ30 ዓመት ክልል ጻፉ።

- ሰማያዊ፣ የብረት ቀይና ወርቅ ብቻ፣ ወይም አረንጓዴ የሚያይልበት ሥዕል፦ ከ1700 እስከ 1720ዎቹ። ጋሻው በብዙ ጥምዝምዝ ቅጠል ተከቧል።
- ሮዝ ቀለም፦ የሚገኘው ከወርቅ ነው፤ ወደ ውጭ በሚላክ ዕቃ ላይ የሚታየው ከ1720ዎቹ ጀምሮ ነው። በ1705 ተሠራ የተባለ ሳህን ላይ ሮዝ ካያችሁ ምርመራው አበቃ።
- በጥቁር ቀለም እንደ ኅትመት የተሳለ ረቂቅ ሥዕል ከወርቅ ጋር፦ ከ1730ዎቹ ወዲህ።
- ጎንና ጎኑ እኩል ያልሆነ፣ በቀንድ አውጣና በቅጠል ጥምዝ የተከበበ ጋሻ፦ ከ1740 እስከ 1760ዎቹ።
- እንደ አካፋ ከታች የሾለ ቀላል ጋሻ፣ ቀጭን ሰንሰለት ወይም ሰማያዊ ጠርዝ፦ ከ1770ዎቹ መጨረሻ እስከ 1800።

ጠርዙንም ሳታነቡ አትለፉ። በእንግሊዝ የኮተን ሊ ቤተሰብ በ1730ዎቹ ያሠራው የገበታ ዕቃ ስብስብ ጠርዙ ላይ በትንንሽ ክፈፎች የለንደንና የካንተን ወንዝ ዳር ገጽታ ተስሎበታል፤ ዓርማውን ብቻ ያየ ሰው ከሳህኑ ግማሹን አላየም።

## ደረጃ 7፦ ዓርማውን በቃላት ገልብጡ

አሁን ዓርማው ተራው ነው። የምታዩትን በወረቀት ላይ በተራ አማርኛ ጻፉት፤ ስም አትገምቱ።

ግራና ቀኝ። የዓርማ ቀኝ የሚባለው ጋሻውን የያዘው ሰው ቀኝ ነው፤ ለእናንተ ግራ ነው። ጋሻው በመሃል ለሁለት ከተከፈለ በእናንተ ግራ ያለው የባል፣ በእናንተ ቀኝ ያለው የሚስት ቤት ነው። በባል ጋሻ መሃል ሌላ ትንሽ ጋሻ ከተቀመጠ ሚስቲቱ ወንድም የሌላት ወራሽ ናት። ጋሻ ሳይሆን በሾሉ የቆመ አራት ማዕዘን ከሆነ ባለቤቷ ያላገባች ወይም ባሏ የሞተባት ሴት ናት።

ቀለም። ሠዓሊዎቹ ከመጽሐፍ ባለቤትነት ወረቀት (የባለቤቱ ዓርማ ታትሞበት መጽሐፍ ውስጥ ከሚለጠፍ ወረቀት)፣ ከማኅተምና ከእጅ ሥዕል ይቀዱ ነበር። ኅትመቱ ባለ አንድ ቀለም ስለሆነ ቀለሙ በመስመር ይገለጻል፤ ይህ ዘዴ ከ1638 ጀምሮ የታወቀ ነው። አንዳንድ ሠዓሊ መስመሩን እንዳለ ስለገለበጠው ቁልፉን ያዙ፦ ነጥብ ወርቅ፤ ባዶ ብር፤ ቀጥ ያለ የቁም መስመር ቀይ፤ አግድም መስመር ሰማያዊ፤ ከእናንተ የላይ ግራ ወደ ታች ቀኝ የሚወርድ አረንጓዴ፤ ከላይ ቀኝ ወደ ታች ግራ የሚወርድ ሐምራዊ፤ የቁምና አግድም ጥልፍልፍ ጥቁር ነው።

የቀለም ስሕተት የተለመደ ነው። ቀይ በሮዝ ሊተካ ይችላል። ብር የተቀባበት ቦታ ከዘመን ብዛት ጠቁሮ ሌላ ቀለም ይመስላል። ኤርሚን የሚባለው ነጭ ፀጉር ባለ ጥቁር ጭራ ሲሆን የቻይናው ሠዓሊ ፀጉሩን ስለማያውቀው ነጠብጣብ ወይም ትንንሽ አበባ አድርጎ ይሥለዋል። ትዕዛዙ ላይ የተጻፈው የቀለም ስም ራሱ ሳህኑ ላይ ፊደል ሆኖ የተሳለበት ጊዜም አለ። ስለዚህ በወረቀታችሁ ላይ ከእያንዳንዱ ቀለም ጎን «ወይም» ብላችሁ ሁለተኛ አማራጭ ጻፉ። ከጋሻው በላይ ካለው የራስ ቁር ላይ የተጠመጠመው ጨርቅ ብዙውን ጊዜ የጋሻውን ሁለት ዋና ቀለማት ስለሚደግም እሱን ለማመሳከሪያ ተጠቀሙበት።

የልጅ ተራ። በእንግሊዝ ዓርማ ላይ ከሥዕሉ ጋር የማይሄድ አንድ ትንሽ ምልክት ካያችሁ አትዝለሉት። ጨረቃ ሁለተኛ ልጅ፣ ኮከብ ሦስተኛ፣ እግር የሌላት ወፍ አራተኛ፣ ቀለበት አምስተኛ ልጅ ናቸው። ከላይ ጥርስ ያለው አግድም ጥብጣብ ካለ አባቱ በሕይወት ያለ የመጀመሪያ ልጅ ነው። በወንድማማቾች መካከል የሚለየው ይህ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ዘውድ። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው። በእንግሊዝ ሥርዓት ከፊት የሚታዩትን ቁጠሩ፦ አራት ኳስ ባሮን፤ ሰባት ወይም ዘጠኝ ኳስ ቪስካውንት፤ በረጃጅም ሾል ላይ አምስት ኳስ፣ በመካከላቸውም ቅጠል ኧርል፤ ሦስት ቅጠልና ሁለት ኳስ ማርኩዊስ፤ አምስት ቅጠል ዱክ። ቀይ እጅ በትንሽ ነጭ ጋሻ ላይ ካለ ባለቤቱ ባሮኔት ነው፤ ይህ ማዕረግ የተጀመረው በ1611 ነው።

ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንደኛ፣ ዘጠኝ ኳስ በፈረንሳይ የኮምት ዘውድ ነው፤ ዓርማው ከየት አገር እንደሆነ ሳታውቁ ማዕረግ አትስጡ። ሁለተኛ፣ ከላይ ካለው የእንስሳ ወይም የእጅ ምልክት ሥር የሚቀመጥ ባለ ሦስት ቅጠል ትንሽ ዘውድ ጌጥ ነው። ዱክ ማለት አይደለም። ሻጮች በዚህች ትንሽ ዘውድ «የዱክ ሳህን» እያሉ ዋጋ ያንራሉ።

ካልሆነላችሁ፦ የላቲን ጽሑፉ ያለበት ጥብጣብ ፊደላት ወደ ኋላ የተጻፉ ከመሰሉ ሥዕሉ ከማኅተሙ ከራሱ ተቀድቶ ተገልብጦ ሊሆን ይችላል። ፎቶውን በስልካችሁ አገላብጡና ደረጃ 7ን ከመጀመሪያው ድገሙት።

## ደረጃ 8፦ ስሙን ፈልጉ

ከምልክቱ ወደ ስም ሂዱ እንጂ ከስም ወደ ምልክት አትሂዱ። ለእንግሊዝ ዓርማዎች የፓፕዎርዝ መዝገብ በሥዕሉ ዓይነት የተደረደረ በመሆኑ ጀማሪውን ከሁሉ ይረዳዋል፤ የበርክ መዝገብ በቤተሰብ ስም የተደረደረ ነው፤ እሱን ለማረጋገጫ ብቻ ክፈቱት። ለሌላው አውሮፓ የሪትስታፕ አለ። ሦስቱም አሮጌ ስለሆኑ በነጻ ይነበባሉ።

ቀጥሎ ሙዚየሞቹ በድረ ገጻቸው ያስቀመጡትን ስብስብ ፈትሹ። ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ኦገስተስ ዎላስተን ፍራንክስ የሰበሰባቸው ባለ ዓርማ ሳህኖችም የመጽሐፍ ባለቤትነት ወረቀቶችም አሉ። ሁለቱን ማስተያየት ግሩም መንገድ ነው፤ የሳህናችሁ ሥዕል የተቀዳበትን ወረቀት ራሱን ልታገኙ ትችላላችሁ።

አንድ ዓርማ አንድ ቤተሰብ ብቻ ይይዘዋል ብላችሁ አታስቡ። ተመሳሳይ የቤተሰብ ስም ያላቸው ሀብታም ነጋዴዎች መብቱ ሳይኖራቸው የመኳንንቱን ዓርማ ያሠሩ ነበር። ሦስት አራት ዕጩ ጻፉ። በሻጩ ወረቀት ላይ «ላውስቶፍት» የሚል ካያችሁም አትሳቱ፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን እነዚህ የቻይና ሳህኖች በእንግሊዝ ላውስቶፍት ከተማ የተሠሩ ናቸው ተብሎ በስሕተት ተጽፎ ነበር፤ ስሙ በነጋዴዎች አፍ ቀረ።

## ደረጃ 9፦ ሦስቱን ዘመናት አገጣጥሙ

ሦስት ክልል አላችሁ፦ የዕቃው (ደረጃ 3 እና 4)፣ የሥዕሉ (ደረጃ 6) እና የሰውየው። ሦስቱ የሚገናኙበት ዓመት ከሌለ አንዱ ስሕተት ነው።

የእንግሊዙን ኦክኦቨር ቤተሰብ የታወቀ የገበታ ዕቃ ስብስብ እንውሰድ። ጋሻው ለሁለት የተከፈለ ነው። በእናንተ ግራ በኩል ኤርሚን ሆኖ፣ ከላይ በቀይ መደብ ላይ ሦስት የወርቅ ክብ አለ፤ ይህ የኦክኦቨር ቤት ነው። ቀኙ የኒኮል ቤት ነው። ሌክ ኦክኦቨር ሜሪ ኒኮልን በ1730 አገባ፤ ስለዚህ ሳህኑ ከዚያ በፊት ሊሠራ አይችልም። የሥዕሉ ስልትና ሮዝ ቀለሙ ከዚህ ጋር ይስማማሉ። ትዕዛዙም በ1740ዎቹ መጀመሪያ ተሟልቷል፤ ወደ ቻይና የተላከው ባለ ቀለም ንድፍ ከእነ «ይመለስ» ማሳሰቢያው እስከ ዛሬ ተጠብቋል። እንዲህ ያለ ሰነድ ለጥቂት ሳህኖች ብቻ ነው ያለው። ጋብቻው ግን ለሁሉም ይሠራል፦ ለሁለት የተከፈለ ጋሻ ካላችሁ የጋብቻውን ዓመት ፈልጉ፤ የሳህናችሁ ታችኛ ወሰን እሱ ነው። የማዕረግ ሹመት ዓመትም እንዲሁ።

የእንግሊዝ ንጉሥ ዓርማ ያለበት ሳህን ደግሞ የራሱ መፈተኛ አለው። የፈረንሳይ አበቦች (የፈረንሳይን ዙፋን የሚወክሉት የሊሊ አበባ ቅርጾች) ከንጉሡ ዓርማ የወጡት በ1801 ነው። የ1750 ነው የተባለ ሳህን ላይ አበቦቹ ከሌሉ ወሬው ሐሰት ነው።

ካልገጠመ፦ መጀመሪያ ሰውየውን ቀይሩ፤ አያቱ ወይም ልጁ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ ቀለሙን በሁለተኛው አማራጭ አንብባችሁ ደረጃ 8ን ድገሙ። አሁንም ካልገጠመ ወደ ደረጃ 5 ተመለሱና ጭረቱን እንደገና በሌንስ ተከተሉ። ዕቃውን ለማዳን ብላችሁ ዓመቱን አታጣምሙ።

## ደረጃ 10፦ መዝግቡ፣ ከዚያ ወስኑ

ማስመሪያ አጠገቡ አድርጋችሁ አምስት ፎቶ አንሡ፦ ፊቱን፣ ጀርባውን፣ እግሩን በቅርብ፣ ዓርማውን በቅርብ፣ ጠርዙን ከጎን በሚመጣ ብርሃን። ስፋቱን በሴንቲሜትር፣ ጉዳቱን ቦታውን እየጠቀሳችሁ ጻፉ። እርግጠኛ የሆናችሁበትን «ነው»፣ ያልሆናችሁበትን «ሊሆን ይችላል» በሉ፤ ሁለቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር አትቀላቅሉ።

ለመግዛት ከሆነ ሻጩ የዕቃውን ዘመንና የጥገናውን ሁኔታ በደረሰኙ ላይ በጽሑፍ እንዲያሰፍር ጠይቁ፤ «የድሮ ቻይና» የሚል ደረሰኝ አይበቃም። ከየት እንዳገኘው ጠይቁ። ዋጋው ከፍ ያለ ከሆነ የተሰረቁ ጥበባዊ ዕቃዎችን የሚመዘግበው አርት ሎስ ሬጂስተር ዘንድ አስፈትሹ። የዓርማው ጉዳይ ብቻ ካልተፈታ ለእንግሊዝ የለንደኑ ኮሌጅ ኦፍ አርምስ፣ ለስኮትላንድ ኤድንብራ ያለው የሎርድ ላየን ፍርድ ቤት በክፍያ ይመረምሩላችኋል። የምትልኩላቸው ፎቶውንና በደረጃ 7 የጻፋችሁትን መግለጫ ነው፤ በደረጃ 8 የገመታችሁትን ስም አትጨምሩበት፣ ከእናንተ ግምት ነጻ ሆነው እንዲያዩት።